የማክሰኞ ጾም

ነገሩ የተበላሸው ጥሩወርቅ በማክሰኞ ቀን «ዛሬ ጾም ነው» ያለችኝ ዕለት ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። ማክሰኞ ምን ጾም አለ? ያውም ፋሲካ አልፎ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ክርስቲያኑ ሁሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሥጋ በሚበላበት ወቅት! እኔ አሲያ እስላሟ፣ የሷን ጾም ከሷ በላይ አውቃለሁ። መርሳ ከተማ ውስጥ አጥር ለአጥር ስንኖር ልጆቼ ተወልደው አድገዋል። ሁዳዴ ሲገባ የሷ ወጥ ሽታ ይነግረኛል፤ ሲፈታም እንደዚያው። ታዲያ ወተት በኩባያ ይዤ፣ በአጥሩ መሽሎኪያ ገብቼ ፊቷ ቆሜ ሳለሁ እንዲህ ትለኛለች።

«የምን ጾም?» አልኳት።

«የግሌ ናት፣ የስለት ነገር» አለችና ዓይኗን ወደ ፓፓያዋ መለሰች። ኩባያውን ግን ተቀበለችኝ። «ተይልኝ፣ ማታ እጠጣዋለሁ።»

እኔ ነገር ሆዴ አያድርም፤ አፌም ልጓም የለውም፣ ይህን አገር ያውቀዋል። የዚያን ቀን ግን እንደ ምንም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ እንጂ ሲከነክነኝ ነው የዋለው።

ወተቱ ለምን እንዲያ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። የልጆቼ አባት ሲሞት ወንድሜ ከግራና ገበያ አንዲት ጊደር ነድቶ አመጣልኝ። ሸጊቱ አልናት። ሸጊቱ በሁዳዴ መጨረሻ ወለደች፣ ወተቷም ለጉድ ነው፣ አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ላሉት ሻይ ቤቶች እሸጥ ነበር። የሦስቱ ልጆቼ ደብተርም፣ ዘይቱም፣ ጫማውም ከሸጊቱ ጡት ነበር የሚወጣው። ታዲያ ከሚሸጠው በፊት የመጀመሪያዋ ኩባያ የጥሩወርቅ ናት ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

በኛ አገር እስላምና ክርስቲያን ክፉ ደጉን አብሮ ነው የሚያየው፣ ሥጋ ግን አንጋራም። እሷ ለፋሲካ ስታርድ እኔ አልቀምስ፤ እኔ ለአረፋ ሳርድ እሷ አትቀምስ። በዓል በመጣ ቁጥር አንዳችን የአንዳችንን የድስት ሽታ ብቻ ይዘን እንቀራለን። ወተት ግን ማን ባረከው፣ ማን አረደው የለበትም። ላም ሃይማኖት የላትም። ስለዚህ ሸጊቱ ስትወልድልኝ፣ «እሰይ፣ አሁን ገና ጥሩወርቅን እንደ ልቤ ላበላትና ላጠጣት ነው» ብዬ የተደሰትኩት ደስታ!

ፋሲካን ጠብቄ የመጀመሪያዋን ኩባያ ሳመጣላት ዓይኗን ጨፍና ነው ያሸተተችው። «ውይ አሲያ፣ የወይራው ጢስ!» አለችና ጠጣችው። በማግስቱ ፊቷ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ አገኘኋት። «ምን ሆንሽ?» ብላት «ራሴን» አለች። ራሷን ካመማት ደክሟት ነው፣ ደክሟት ከሆነ ወተት ያስፈልጋታል ብዬ ትልቁን ኩባያ ሞላሁላት። ቆሜ አስጨረስኳት። በሦስተኛው ቀን ከነጭራሹ ከቤት አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ያቺ የማክሰኞ ጾም የመጣችው።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ጥጃዋ አምልጣ በመሽሎኪያው ወደ ጥሩወርቅ ግቢ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ከፓፓያው ሥር ምን አየሁ? ወተት። መሬቱ ነጭ ሆኗል፣ ጉንዳኑ ወሮታል፣ ድመቷ ትልሳለች። ከጎኑ የኔው ኩባያ ታጥቦ ተደፍቷል።

አያድርስ! ደሜ ፈላ። ጥጃዋን ጎትቼ ወደ ግቢዬ ተመለስኩና እዚያው አጥሩ ላይ ቆሜ «ጥሩወርቅ!» ብዬ ጮህኩ። ወጣች። «የእስላም ዕቃ ተጸየፍሽ? ሃያ ዘመን ስንበላ ስንጠጣ ኖረን፣ ዛሬ ነው ጽዳትሽ የመጣብሽ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። አየችኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ግቢዬ በር አየች። ደንበኞቼ ተሰብስበዋል፤ ሻይ ቤት ያለው ሞገስ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ፣ ሌሎች ሴቶችም ጣሳቸውን ይዘው ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ። ጥሩወርቅ አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው።

«ተናገሪ እንጂ! ወተቴ ምን ሆነ?»

«ወተትሽማ ሸጋ ነው» አለች፣ ጮክ ብላ። «እንዳንቺ ያለ ወተት መርሳ ውስጥ ማን አለው?»

«ታዲያ ምነው ደፋሽው?»

አሁንም ወደ ደንበኞቼ አየች።

እኔ ደግሞ ያሾፈችብኝ መሰለኝ። «በይ ከዛሬ ወዲያ የኔ ኩባያ ያንቺን አጥር አይሻገርም!» አልኩና የግራር እሾህ ቆርጬ መሽሎኪያውን ደፈንኩት። እሷም ቆማ ስደፍነው አየችኝ።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ ክርስቲያኖቹ፤ እውነታቸውን ነው። ሶላት ላይ ቆሜ ጆሮዬ ከአጥሩ ወዲያ ነው። እየጠረገች ነው? እያሳላት ነው? ማን መጣባት? ድሮ ገና ሳይነጋ «አሲያ፣ ተነሺ እንጂ፣ ፀሐይ ልትቀድምሽ ነው!» ብላ ነበር የምትቀሰቅሰኝ። አሁን ማንም አይቀሰቅሰኝም፣ ግን እንቅልፍም የለኝ። የቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እኔ ወደ ግድግዳው እሷ ወደ በሩ። ናፈቀችኝ። ወላሂ ናፈቀችኝ። የናፈቀችኝን ያህል ደግሞ ተናደድኩባት።

አንድ ቀን በዋናው በር መጣች፣ ፓፓያ ይዛ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሲያ፣ እስቲ ለብቻችን ላናግርሽ» አለች። ሰው በመንገዱ ያልፋል፤ እኔም እልኬ መጣ። «የምትናገሪው ካለሽ እዚሁ ሰው ፊት ተናገሪ! ስትንቂኝ ለብቻ አልናቅሽኝም!» አልኳት። ፓፓያውን ደንጊያው ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔም ፓፓያውን ለሸጊቱ ሰጠኋት። ሸጊቱ በላችው፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ምግብ አልወርድልኝ አለ።

በዚህ መሀል የትልቋ ልጄ የመሪማ ሰርግ ደረሰ። ባሏ ጀብሪል የውርጌሳ ልጅ ነው፣ ወልድያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ጨዋ። በኛ ቤት ልማድ ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት የወተት ምርቃት አለ። የምታጠጣት እናቷ አይደለችም፤ በሕፃንነቷ ያዘለቻት ሌላ ሴት ናት። አጠጪዋ መጀመሪያ ራሷ ትጎነጫለች፣ ከዚያ ሙሽራዋን ታጠጣለች፣ ትመርቃለች። እሷ ሳትቀምስ ምርቃቱ አይያዝም። መሪማን ደግሞ ያዘለቻት ማን እንደሆነች መርሳ ያውቃል። እኔ ወልጄ በትኩሳት ስወድቅ፣ ልጅ ያልወለደችው ጥሩወርቅ ናት ሌት ተቀን በጀርባዋ ይዛት የከረመችው።

«የአባትሽ እህት ታጠጣሻለች» አልኳት ለመሪማ።

«እትዬ ጥሩ ካላጠጡኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች።

«ወተታችንን የምትጸየፍ ሴት ናት የምታጠጣሽ?»

«እንጃ እማ። ስንት ቀን ጀርባቸው ላይ ሸንቼ እኔን ያልተጸየፉ ሰው፣ ያንቺን ኩባያ ይጸየፋሉ?» አለችና ሂና የተቀባ እጇን ታይ ጀመር። እኔም «አትመጣም» ብዬ ተውኩት።

መጣች። በአጥሩ ሳይሆን በዋናው በር፣ እንደ ሩቅ እንግዳ፣ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ መጣችና ጥግ ላይ ተቀመጠች። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን አልፈታሁም። ሰዓቱ ሲደርስ ሸጊቱን በራሴ እጅ አለብኩ። ወተቱን አረፋ እንደለበሰ ለባሌ እህት ሰጠኋት። መሪማ ተነሣች። ኩባያውን ከአክስቷ እጅ ቀስ አድርጋ ተቀበለች፣ ቤቱን አቋርጣ ሄዳ ጥሩወርቅ ፊት ተንበረከከች።

ከኋላዬ አንዷ «እሷ እኮ የእስላም ዕቃ ትጸየፋለች አሉ» ስትል ሰማሁ። «አሉ» ያለችው እኔን ነው፤ ከኔ አፍ የወጣ ነው አገሩን የዞረው። ጥሩወርቅም ሰማች። ኩባያውን ተቀብላ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን አልረሳውም፤ ቁጣ የለበትም፣ ስንብት ይመስላል።

መጎንጨት ብቻ በቂ ነበር። እሷ ግን ጠጣች። ሰው ሁሉ እያያት፣ ጉሮሮዋ እየተሰማ፣ የኩባያውን ግማሽ አወረደችው። አረፋው ከንፈሯ ላይ ቀርቶ ለመሪማ አጠጣቻትና ራሷን ይዛ መረቀቻት። «ቀንሽ እንዲህ ነጭ ይሁን። እጅሽ አይጠር። ያዘልኩሽ ጀርባ ይመርቅሽ ልጄ።» ቤቱ በእልልታና በአሚን ተናወጠ።

ሚኒባሱ ጥሩንባውን እየነፋ ልጄን ይዟት ወደ ወልድያ ሄደ። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ሲታጠፍ የምደገፋትን ፍለጋ ዘወር ስል ጥሩወርቅ የለችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የደነቀኝ። የምትጸየፍ ሴት ግማሽ ኩባያ አትጠጣም። የጠጣችም ሴት ሳትሰናበት አትጠፋም።

በዋናው በር መዞሩ ራቀኝ። የሰርግ ልብሴን እንደለበስኩ የደፈንኩትን እሾህ በእጄ ገነጣጥዬ ገባሁ። እጄ ደማ። ጥሩወርቅ ከሽንት ቤት ስትመለስ አገኘኋት፤ ግድግዳውን ይዛ፣ በላብ ተጠምቃ። ሆዷ ከሩቅ ይሰማል፣ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል።

«ያረቢ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ወተቱ ነው» አለች። «ያልረጋ ትኩስ ወተት አይስማማኝም አሲያ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ከዚያ ደግሞ ይኸው እንደምታዪኝ…» ንግግሯን ሳትጨርስ ተመልሳ ሮጠች።

እኔም የውኃ ማሰሮ አንስቼ፣ ሰርገኛ ቤቴ ውስጥ ሞልቶ፣ ሽንት ቤት በር ላይ ቆምኩ። በሩን ተደግፌ በውጭ በኩል «እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ የጠጣሽው?» አልኳት።

«መሪማ ናት እኮ» አለች ከውስጥ። «የልጄን ወተት ጠላች ልባል?»

«ታዲያ ያን ቀን ስጮህብሽ ምነው 'ሆዴን ያመኛል' ብትዪኝ! አንዲት ቃል! ምላስሽን ማን ያዘው?»

በሩን ከፍታ ወጣች፣ እጇን አስታጠብኳት። «ማን ፊት ልበልሽ?» አለችኝ። «ሞገስ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል፣ ደንበኞችሽ ሁሉ ቆመዋል። 'የአሲያ ወተት ሆድ ያስቀምጣል ብላ የገዛ ጎረቤቷ ተናገረች' ቢባል በማግስቱ ማን ይገዛሽ ነበር? ወሬው ግራና ለመድረስ ይመሽበታል? ሦስት ልጅ በዚች ላም ነው የምታሳድጊው። እኔን ተጸየፈች ቢሉኝ ይሻላል ብዬ ነው።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ በሰርግ ልብሴ።

«ለብቻሽ ላናግርሽ ብዬ ብመጣ ደግሞ ሰው ፊት ካልሆነ አልሽ» አለች፣ አጠገቤ እየተቀመጠች። «ለብቻሽስ ብነግርሽ? አንቺ ሹክ ስትዪ ውርጌሳ ድረስ ይሰማል።»

አለቀስኩ። ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ። የኔን እንጀራ ልትጠብቅ ስሟን የሰጠች ሴት፣ እኔ ደግሞ ያን ስሟን በየደጁ ያዞርኩት። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ተይ አሁን፣ ሙሽራ ቤት አይለቀስም» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ወዲያው ሆዷ ሌላ ዙር ሲያጉረመርም ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

«እና ወተት አትወጂም?» አልኳት ሳቁ ሲበርድ።

«እንዴት አልወድም! እናቴ ጉባ ላፍቶ ያሳደገችኝ በእርጎና በአይብ ነው። እርጎ ምንም አይለኝም፤ አይብም ቅቤም እንደዚያው። ትኩሱ ብቻ ነው ጠላቴ። ያንቺንም ላረጋው ብዬ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጬው ነበር፣ ቅል የለኝ፣ በዚህ ሙቀት ሸተተብኝ። ፓፓያው ሥር ያየሽው እሱን ነው። እሱን ስደፋ እኔ ራሴ ልቤ አልቅሷል።»

በማግስቱ የእናቴን ቅል ከጣሪያ ላይ አወረድኩ። አጠብኩት፣ በወይራ አጠንኩት፣ የሸጊቱን ወተት ሞልቼ ጥግ አስቀመጥኩት። ጥሩወርቅ በመሽሎኪያው እየገባች «ደረሰ?» ትለኛለች፤ «ገና ልጅ ነው» እላታለሁ። አንድ ጊዜ አላስችላት ብሎ ሳይረጋ ቀመሰችውና ሌሊቱን ስትንቆራጠጥ አደረች፤ ተቆጣኋት። በደንብ ረግቶ፣ ማንኪያ ሲያቆም ግን ሳህን ሞልቼ ሰጠኋት። በላች። ሁለታችንም ሆዷን እያየን ተቀመጥን። ምንም! አንዲት ድምፅ እንኳ የለም። «አልሐምዱሊላህ!» አልኩ እኔ፤ እሷም «ተመስገን!» አለችና ሳህኑን መልሳ ዘረጋችልኝ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስም ኋላ ስንጠይቃት ይህ በሽታ እንዳልሆነ፣ የብዙ ሰው ሆድ ትኩስ ወተት መፍጨት እንደሚያቅተው፣ ሲረጋ ግን እንደሚቀለው ነገረችን። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ለሷ የማሻግረው ያደረና የሰነበተውን ነው። ቅቤው ሲወጣ ከአሬራው አይብ እናወጣለን፤ ከጓሮዋ ጎመን ጋር ስንበላው የቀረ ዘመዳችን ትዝ አይለንም።

እኔ ምስጢር ጠብቄ አላውቅም፤ ይህችን ግን ጠበቅኋት። ሞገስ «ታረቃችሁ እንዴ? ምን ነበር ነገሩ?» ሲለኝ «ስለት ነበረባት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብዬ ዘጋሁት። ሸጊቱ አርጅታ ወተቷ ለቤት ብቻ እስኪሆንና መሸጥ እስክተው ድረስ ሰው አልሰማትም። ዛሬ ነው ያወራሁት፤ የሚቀርብኝ ገበያ ስለሌለ።

አምና ታናሿ ልጄ ዘምዘም፣ እሷም የጥሩወርቅ ጀርባ ያሳደጋት፣ ተዳረች። የወተት ምርቃቱ ሲደርስ ከቅሉ እርጎ ቀዳሁ። የባሌ እህት ኩባያውን አየችና «ምንድን ነው ይሄ? በየትኛው ዘመን ነው ሙሽራ በእርጎ የተመረቀችው? ልማዳችን ትኩስ ወተት ነው!» ብላ ተነሣች።

«ልማዱን ማን አወጣው?» አልኳት።

«አያቶቻችን ናቸዋ!»

«እኔም ከመሪማ ልጆች ወዲህ አያት ነኝ» አልኩና ኩባያውን ለጥሩወርቅ ሰጠኋት።

ጥሩወርቅ ጠጣች። በዝግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትፈራ ጠጣች። ዘምዘምን አጠጣቻት፣ ራሷን ይዛ መረቀቻት፣ ቤቱ አሚን አለ። ከዚያ እልልታው መሀል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና «የቀረ አለ?» አለችኝ።

ቅሉን እንዳለ አንስቼ ሰጠኋት።